ፍጥነትን የገታው ሙቀት

ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፔንቲየም 4 የተሰኘውን ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ሲያወጣ የሰዓት ምቱ ፍጥነት 1.5 ጊጋኸርዝ ነበር፤ በ2004 ደግሞ 3.8 ጊጋኸርዝ ደረሰ። ቀጥሎ ሊወጣ የታቀደው ባለ 4 ጊጋኸርዝ ግን ለገበያ ሳይቀርብ ተሰረዘ። ዋነኛው እንቅፋት ሙቀት ነበር። ባለ 3.8 ጊጋኸርዙ ከ1 ስኩዌር ሴንቲሜትር ብዙም በማይበልጥ ሲሊከን ላይ እስከ 115 ዋት ይፈጅ ነበር። ወርዱ 58 ሴንቲሜትር ሆኖ 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ እንኳ በ1 ስኩዌር ሴንቲሜትር ከ1.5 ዋት አያልፍም።

ይህ ኃይል የት ይሄዳል? በዲጂታል ሰርኪዩት ውስጥ እያንዳንዱ ሽቦና ትራንዚስተር እንደ ትንሽ ካፓሲተር ነው። ከ0 ወደ 1 ሲለወጥ ቻርጅ ይሞላል፤ ወደ 0 ሲመለስ ያፈሳል፤ በሁለቱም ጊዜ ሙቀት ይፈጠራል። ስለዚህ የሚባክነው ኃይል ከካፓሲታንሱ፣ ከሰዓት ምቱ ፍጥነትና ቮልቴጁ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ውጤት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ሥራ ለፈታ የሰርኪዩት ክፍል የሰዓት ምት እንዳይደርሰው ማገድ ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ሁሉም ክፍል ሥራ ላይ ሲሆን ግን አይረዳም። ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ቮልቴጅን መቀነስ ነው።

የአይ ቢ ኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት፣ የትራንዚስተሩ መጠንና ቮልቴጁ በእኩል መጠን ከቀነሱ፣ ፍጥነት ቢጨምርም በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር የሚባክነው ኃይል አይለወጥም። በዚህ መንገድ ቮልቴጅ ከ5 ወደ 1 ቮልት አካባቢ ወረደ።

ከዚያ በታች መውረድ ያቃተው ለምንድን ነው? ትራንዚስተር የሚከፈተው የተወሰነ የመነሻ ቮልቴጅ ሲያገኝ ነው። የምንጩ ቮልቴጅ ቀንሶ ፍጥነት እንዳይጓደል መነሻውም አብሮ መቀነስ አለበት። ነገር ግን የተዘጋ ትራንዚስተር እንደ አሮጌ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ በክፍል ሙቀት መነሻው በ60 ሚሊቮልት ሲቀንስ የሚያፈተልከው ከረንት እስከ 10 እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ያ ፔንቲየም 125 ሚሊዮን ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ ጠብታው ምንም ሳይሠራም ወደ ጅረት ይለወጣል ማለት ነው።

መሐንዲሶች የመረጡት መውጫ ፍጥነትን መተው ነበር። አንዱን ፕሮሰሰር በሁለት ብንተካ፣ የእያንዳንዱን ፍጥነት በግማሽ፣ ቮልቴጁን ወደ 0.7 እጥፍ ብናወርድ፣ ጠቅላላው ኃይል 2 × 0.5 × 0.7 × 0.7፣ ማለትም 0.49 እጥፍ ይሆናል። ያው ሥራ በግማሽ ኃይል ይሠራል። ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. በ2005 ለግል ኮምፒውተሮች የቀረቡት በዚህ ስሌት ነው። ስሌቱ የሚሠራው ግን ሥራው ለሁለት ሲከፈል ብቻ ነው፤ አንዱ እርምጃ የሌላውን ውጤት የሚጠብቅበት ፕሮግራም ከሁለተኛው ኮር የሚያገኘው ጥቅም እምብዛም ነው። ችግሩ እንዲህ ከሰርኪዩት ነዳፊው ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ፕሮግራመሩ ተሻገረ።