ቺዋዋ በድሬዳዋ ግቢ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አንበሶች ነበሯቸው። በብዙ ፎቶግራፎች ላይ አብሯቸው የሚታየው ግን ሉሉ የሚባል፣ በአንድ እጅ የሚነሣ ትንሽ ውሻ ነው። ሉሉ ቺዋዋ ነበር፤ መቃብሩም በአዲስ አበባው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ውሻው በመኳንንቱ ጫማ ላይ ይሸና ነበር፤ እየተከተለ የሚያብስም አገልጋይ ነበረው ተብሎ ተጽፏል። ታሪኩን ብዙ ሰዎች አይቀበሉትም፤ የውሻውን ዝርያ ጃፓናዊ ማለቱም እምነት አያሳድርም። የሚያሳዝነው ግን ሉሉ ሲነሣ የሚወራው ይኸው ብቻ መሆኑ ነው። ስለ ዝርያው ጠባይ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ዛሬ ለልጆቹ ትንሽ ውሻ ለመግዛት የሚያስብ የድሬዳዋ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ደግሞ ይህንኑ ጠባዩን ነው።

ቺዋዋ ስሙን ያገኘው ከአንድ የሜክሲኮ ሰሜናዊ ግዛት ነው። በዓለም ካሉት የውሻ ዝርያዎች ሁሉ ትንሹ ሲሆን፣ ያደገው እንኳ ክብደቱ ከ3 ኪሎ እምብዛም አያልፍም፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ያህል ማለት ነው። ጸጉሩ አጭርም ረጅምም ይሆናል፤ ጆሮው ትልቅና የቆመ፣ ዓይኑም ጎላ ያለ ነው። ብዙዎቹ ሲወለዱ አናታቸው ላይ እርግብግቢት አላቸው፤ በአንዳንዶቹ ዕድሜ ልክ አይገጥምም። ስለዚህ ለሌላ ውሻ ምንም የማይመስል ኩርኩም ለእርሱ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጠባዩ ስንመጣ፣ ቺዋዋ ቤተሰቡን ሁሉ ያውቃል፤ ልቡን የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው ነው። ያንን ሰው ከክፍል ክፍል ይከተላል፣ ጭኑ ላይ ይተኛል፣ ሌላ ሰው ሲቀርበው ያጉረመርማል። እንግዳን ቶሎ አያምንም። በር ሲንኳኳ ከማንም ቀድሞ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ቀጭንና የማያቋርጥ ነው። ንቁ ነው፣ ቶሎ ይማራል፣ መጫወት ይወዳል። ከብርድ፣ ከፍርሃት ወይም ከደስታ የተነሣ ይንቀጠቀጣል።

ቁጡ ነው የሚለው ስሙ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የብዙ ዝርያዎችን ባለቤቶች ጠይቀው ባሳተሙት ጥናት፣ በሰውና በሌላ ውሻ ላይ በመቆጣት ከፊት ከተሰለፉት ዝርያዎች አንዱ ቺዋዋ ነበር። እኔ ግን ከዚህ ጥናት ይልቅ ከሁለት ዓመት በኋላ በቪየና የተሠራውን አጥብቄ እይዛለሁ። በዚያ ከ1,200 በላይ የውሻ ባለቤቶች ተጠይቀው፣ የትንንሽ ውሾች ባለቤቶች ውሻቸውን የሚያሠለጥኑት በጥቂቱ እንደሆነ፣ ዛሬ የከለከሉትን ነገ እንደሚፈቅዱ፣ አብረውም የሚሠሩት ነገር አነስተኛ እንደሆነ ታየ። ትልቅ ውሻ ጥርሱን ቢያሳይ ቤቱ በሙሉ ይደነግጣል፤ በዚያው ቀን መላ ይፈለግለታል። ቺዋዋ ሲያደርገው ግን ይሳቅለታል፣ በስልክ ይቀረጻል፣ እንደገና እንዲያደርገው ይነካካል። እንዲህ ያደገ ውሻ ቁጣን የሚማረው ከቤቱ ነው። ከሥር ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው፤ ከጉልበት በታች ሆኖ ለሚኖር ፍጥረት ከላይ የሚመጣ እጅ ሁሉ ያስፈራል።

ከተወለደ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ለማንኛውም ቡችላ ወሳኝ ነው። በዚያ ወቅት በሰላም ያገኘውን ሰው፣ ድምፅና እንስሳ ካደገ በኋላ እምብዛም አይፈራውም። በዚህ ረገድ ድሬዳዋ የታደለች ከተማ ናት። ከባቡሩ ጋር በ1895 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ሰው ከየአቅጣጫው የሚገናኝባት ናት። በአንድ ግቢ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይሰማል፤ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል፣ ባጃጅ በሩ ላይ ይቆማል። ቡችላውን አቅፎ የከዚራ ሰፈርን ጥላ ማሳየት፣ ከመጋላ ሰፈር ግርግር ትንሽ ራቅ ብሎ ማስቀመጥ፣ ጎረቤት በእጁ ምግብ እንዲሰጠው ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ትምህርት ነው። ክትባቱን እስኪጨርስ ግን መሬት ለመሬት መሄድና ከመንገድ ውሾች ጋር መነካካት የለበትም።

የድሬ ከሰዓት ለትንሽ ውሻ የተለየ ፈተና አለው፤ እርሱም በርጫ፣ ማለትም ሰው ተሰብስቦ ጫት የሚቅምበት ጊዜ ነው። እንግዶች ፍራሽ ላይ፣ መከዳ ተደግፈው መሬት ለመሬት ይቀመጣሉ። በሌላ ቤት ከሶፋ በታች የሚቀረው ቺዋዋ እዚህ ከሰው ፊት ጋር እኩል ነው፤ ጭን ላይ ይወጣል፣ እጅ ይልሳል፣ የባለቤቱን ፍራሽ የእኔ ነው ብሎ ይጠብቃል። ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። በሻፊዒይ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል፤ ለሶላት የሚነሣ እንግዳ ልብሱ እንዳይነካበት መስጋቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ ውሻው የራሱ ቦታ ይኑረው። ምንጣፉና ውኃው በሌላ ክፍል ወይም በጥላ ሥር ይዘጋጅለት፤ እንግዳ ሲመጣ ወደዚያ መሄድን በቁራሽ ሥጋ እየተሸለመ ይልመድ። ይህ እንግዳውንም ያከብራል፣ ውሻውንም ከድንጋጤ ያሳርፋል።

ልጆች ባሉበት ቤት የሚነክሰው ውሻ ብቻ ሳይሆን የሚሰበረውም ውሻ ያሳስበኛል። የሦስት ዓመት ልጅ ቺዋዋን አንሥቶ ቢጥለው እግሩ ሊሰበር ይችላል። አንዴ የተጎዳ ውሻ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ቀድሞ ይነክሳል። ትንንሽ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ውሻው ራሱ ሲመጣ ይዳብሱት እንጂ አያንሡት። ሲያጉረመርም መምታት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይጀምራል። ከስምንት ዓመት በላይ ላሉና ረጋ ላሉ ልጆች ግን ድንቅ ጓደኛ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ አጭር ጸጉር ላለው ቺዋዋ ከአዲስ አበባ ብርድ ይልቅ ድሬዳዋ ይስማማዋል። ይህ ግን ሊያዘናጋ አይገባም። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ እንጂ እንደ ሰው በላብ አይደለም፤ ቺዋዋ ደግሞ ሆዱ ከአስፋልቱ ጥቂት ጣት ብቻ ከፍ ያለ ነው። በግንቦትና በሰኔ ጠዋት ማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ብቻ ይውጣ። የእጅዎን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርገው ማቆየት ካልቻሉ መዳፉም አይችልም። ሌሊት ሰው አልጋውን አውጥቶ ደጅ ሲተኛ ውሻው አብሮ ደጅ አይደር፤ ለዘበኝነት የተፈጠረ አይደለም፣ ጅብም ሆነ የሰፈር ውሻ አንዴ ካገኘው አይተርፍም።

ምግቡ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፣ ነጭ ሽንኩርትም አይቀርበትም። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ለሁለት ኪሎ ውሻ ደግሞ ትንሹም ብዙ ነው። በጾም ወራት የተረፈ ሽሮ በእንጀራ ፈትፍቶ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ ግን ይጎዳዋል። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ከሩዝ ጋር ይሻለዋል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አይሰጠው። ቡችላ ሳለ በቀን አራት ጊዜ ያህል መብላት አለበት፤ ከቆየ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ሊዝለፈለፍ ይችላል። ጥርሱ በጠባብ አፉ ውስጥ ስለሚጨናነቅ ቶሎ ይበላሻል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ መቦረሽን መልመድ አለበት።

የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይገድላል፤ ከግቢ የማይወጣ ውሻም ቢሆን ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ መከተብ፣ ክትባቱንም በወቅቱ ማደስ አለበት። የማንም ውሻ ንክሻ፣ የጥርሱ ምልክት የመርፌ ጫፍ ቢያህል እንኳ፣ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድን ይጠይቃል።

ሊገዙ ሲሄዱ እናቲቱን ለማየት ይጠይቁ። ፈሪና ተናካሽ ከሆነች ልጇም ሊወርሰው ይችላል፤ ሻጩ ሊያሳይዎት ካልፈለገ ይተዉት። ከስምንት ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ አይውሰዱ፤ ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት አነካከሱን ማለዘብ ገና አልተማረም። በክብደቱ ከሚገባው በታች የሆነውንና «እጅግ ትንሽ» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን አልመክርም፤ እንዲህ ያሉት አጥንታቸው የሳሳና በሽታ የሚበዛባቸው ናቸው። በደንብ የተያዘ ቺዋዋ ከ14 እስከ 16 ዓመት ይኖራል። ዛሬ አንደኛ ክፍል ለሚገባ ልጅ ተብሎ የመጣ ቡችላ፣ ልጁ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከድሬዳዋ ሲወጣ ገና በቤቱ ነው። በዚያን ጊዜ ማን እንደሚይዘው ከመግዛቱ በፊት ቤተሰቡ ተቀምጦ ይነጋገር።