የሊማሊሞ ዝናብ በሰው ኮምፒውተር

«ኮምፒውተርህን ክፍት ተወው፤ አንተ ስትተኛ እሱ ዶላር ይሠራልሃል» የሚል ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ኮምፒውተርን ለሳይንስ ማዋስን ከቢትኮይን ጋር ያምታታ ወሬ ነው። በጎ ፈቃደኛው ሥራ ፈትቶ የቆመውን የማሽኑን አቅም ለተመራማሪዎች ይሰጣል፤ የሚያገኘውም በገንዘብ የማይመነዘር ነጥብ ብቻ ነው። ሴቲ አት ሆም የተባለው ፕሮጀክት ከጠፈር የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ከ1999 እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) ሲያስፈትሽ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው።

የእኛን ዝናብ የሚመለከተው ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የኔዘርላንዱ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ያኔ በአይቢኤም ሥር በነበረው ወርልድ ኮሙኒቲ ግሪድ በኩል፣ ከሰሃራ በታች ያለውን ዝናብ በ1 ኪሎ ሜትር ጥራት ለማስላት ተነሡ።

ለምን 1 ኪሎ ሜትር? ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ገደል የወረደ ሰው አይጠይቅም። ላይ ብርድና ገብስ ነው፤ ገደሉን ጨርሰው ድብ ባሕር ሲደርሱ ካፖርት ይወልቃል። የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ግን ምድርን በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች በሚለኩ አራት ማዕዘኖች ስለሚከፍሏት፣ ለሁለቱም ከተሞች አንድ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ገደሉም ተደልድሎ ለስላሳ ተዳፋት ይሆናል። የክረምቱ ዝናብ ደግሞ የሚወሰነው እዚያው ገደል ላይ ነው። እርጥብ አየር ሽቅብ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፤ አንዱ መንደር በዶፍ ሲመታ ከሸንተረሩ ማዶ ያለው አቧራው አይረጥብም።

ተመራማሪዎቹ ምድሩን 52 በ52 ኪሎ ሜትር በሆኑ ከ35 ሺህ በላይ ማዕዘኖች ከፈሉት። አንድ ኮምፒውተር የአንድ ማዕዘን የ48 ሰዓት ዝናብ ያሰላል፤ ውጤቱ ሲመለስ የቀጣዩ 48 ሰዓት ሥራ ይወጣል፤ ዓመቱ እንዲህ እየተቀጣጠለ ይሞላል። ነገሩ የገብስ አጨዳ ደቦ ነው። አጫጅ ድርሻውን ይዞ ጎረቤቱን ሳይጠብቅ ይገፋል። ምሰሶ ማንሣት ቢሆን ግን አንዱ እጁን ሲለቅ ሁሉም ይወድቃል። የነገ የአየር ትንበያ ከምሰሶው ወገን ነው፤ እያንዳንዱ ማዕዘን በየእርምጃው ከጎረቤቱ ጋር ቁጥር መለዋወጥ ስላለበት፣ እንዲህ ለበጎ ፈቃደኛ አይከፋፈልም።

ሙግት የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ለየብቻ የተሰሉ ማዕዘኖች ጠርዛቸው ላይ ላይስማሙ ይችላሉ፤ ተደራርበው የተቆረጡትም ለዚህ ነው። በጠርዙ የሚገባው አየር ከሻካራው የዓለም መረጃ የተወሰደ ስለሆነ፣ መረጃው ከተሳሳተ ስሌቱም ስሕተቱን ይወርሳል። የአንድ ዓመት ስሌት የመጪውን ክረምት አይናገርም። ዳኛው መሬት ላይ የተተከለው የዝናብ መለኪያ ነው፤ ያለ እሱ የ1 ኪሎ ሜትሩ ካርታ ያማረ ግምት ሆኖ ይቀራል።

ኮምፒውተራችሁን ለማዋስ ብትወስኑ፣ ደባርቅ ላይ መብራት ቢጠፋ ስሌቱ ከዜሮ አይጀምርም፤ ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየመሃሉ ያስቀምጣል። በሞባይል ዳታ ግን አልመክርም፣ ፋይሉ ከባድ ነው። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ሥራውን የሚያካሂደውን ቦይንክ የሚባለውን ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ በነፃ ነው። «ክፈሉና ላስመዝግባችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ሌባ ነውና አንድ ብር እንዳትሰጡት።