በእንግሊዝ ገጠር የርስትና የእርሻ ሐራጅ

ሐራጅ በሕግ ዐይን ሲታይ ቀላል ነገር ነው። ሻጭ ንብረቱን በአደባባይ ያቀርባል፤ አጫራቹ ዋጋ ይጠራል፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይጨምራል፤ ከሁሉ የበለጠ የሰጠ ይወስዳል። ጎረቤትና እንግዳ፥ ባላባትና ነጋዴ በመዶሻው ፊት እኩል ናቸው። በእንግሊዝ ገጠር ከ18ኛው ምእት ዓመት ወዲህ የተደረጉትን ሐራጆች በቅርብ የሚመረምር ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ማን ዋጋ ሊጨምር እንደሚገባው፥ ማንስ ዝም ማለት እንዳለበት የሚወስን ያልተጻፈ ደንብ በመንደሩ ውስጥ ነበረ፤ ብዙ ጊዜም የአንድን ቤተ ሰብ ዕድል የሚቈርጠው የተጠራው ዋጋ ሳይሆን ሳይጠራ የቀረው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ሕጉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። መንግሥት በ1777 ዓ.ም. በሐራጅ ሽያጭ ላይ ቀረጥ ጣለ፤ አጫራቾችም ፈቃድ እንዲያወጡ አዘዘ። ቀረጡ በ1845 ዓ.ም. ሲሻር አጫራቹ በየዓመቱ 10 ፓውንድ የፈቃድ ገንዘብ እንዲከፍል፥ ስሙንና መኖሪያውንም በሽያጩ ቦታ በግልጽ ጽፎ እንዲለጥፍ ተደነገገ። መዶሻው እስኪወርድ ድረስ ተጫራቹ ቃሉን ለማንሣት እንደሚችል ፍርድ ቤት በ1789 ዓ.ም. ወስኖ ነበር፤ ይኸው ውሳኔ በ1893 ዓ.ም. ስለ ዕቃ ሽያጭ በወጣው ሕግ ውስጥ ገባ። ለመሬት ግን የመዶሻው ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ በ1677 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ጽሑፍ ስለሚያስፈልግ፥ አጫራቹ በሻጭና በገዢ ስም የውሉን ማስታወሻ ይፈርም ነበር። ሻጩ ዋጋ የሚያስወድድለት የሐሰት ተጫራች በሕዝቡ መካከል በስውር የማቆሙ ተንኰልም ብዙ ክርክር ካስነሣ በኋላ፥ ለመሬት ሐራጅ በ1867 ዓ.ም. ሕግ ወጣለት።

ከመዶሻው በፊት ግን ሻማ ነበረ። በዚህ ዐይነት ሐራጅ ትንሽ ሻማ ይበራል፤ ብርሃኑ ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ሰው ባለ ዕጣ ይሆናል። የቀን ማስታወሻ በመጻፍ የታወቀው ሳሙኤል ፒፕስ በ1662 ዓ.ም. በለንደን መርከቦች በሻማ ሲሸጡ አይቶ፥ ሻማው ሊጠፋ ሲል ጢሱ ወደ ታች እንደሚወርድ ያስተዋለ አንድ ብልኅ ተጫራች ጊዜውን ዐውቆ ዋጋ ሲጠራ እንደ ነበረ ጽፏል። ልማዱ ከከተማ ከጠፋ በኋላ በገጠር ቀረ፤ ነገር ግን የቀረው ለግል ሀብት ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያንና ለድኾች ለተተወ መሬት ኪራይ ነው። በበርክሺር አውራጃ በኦልደርማስተን መንደር ከ1815 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የቤተ ክርስቲያን መሬት በየሦስት ዓመቱ በሻማ ይከራያል፤ በሻማው ላይ ሚስማር ይሰካና ሚስማሩ ሲወድቅ ሐራጁ ያበቃል። በሊንከንሺር በቦርን ደግሞ ሪቻርድ ክሌይ የተባለ ሰው በ1742 ዓ.ም. የተናዘዘው የሣር መሬት በሩጫ ይከራይ ነበር። ሁለት ልጆች ይሮጣሉ፤ ሮጠው እስኪመለሱ ድረስ አዲስ ዋጋ ካልተጠራ የመጨረሻው ዋጋ ይጸናል፤ በኪራዩም ለሠፈሩ ሰዎች ዳቦ ይታደላል። እንዲህ ባለው ቦታ ገንዘቡ ለጋራ ጥቅም ስለሚውል፥ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ዋጋ ቢጨምር የሚቀየም የለም።

የገበሬው ሐራጅ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ የቃል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ገበሬ እስከ 20ኛው ምእት ዓመት መግቢያ ድረስ በአብዛኛው የመሬት ተከራይ ነበረ፤ «ጭሰኛ» ብሎ መተርጐም ግን ያሳስታል። ኪራዩን በገንዘብ የሚከፍል፥ ፈረስና ከብት፥ መሣሪያና ቅጥር ሠራተኛ ያለው፥ አንዳንድ ጊዜም ሀብታም የሆነ ሰው ነው። መሬቱ የባላባቱ ሲሆን በመሬቱ ላይ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ የገበሬው ነው። ስለዚህ ገበሬው መሬት ሲለቅ፥ ሲከስር ወይም ሲሞት የሚደረገው የእርሻ ሐራጅ መሬት አይሸጥበትም፤ አጫራቾች በማስታወቂያቸው ላይ «ነፍስ ያለውና ነፍስ የሌለው ሀብት» የሚሉት ይሸጥበታል። የኪራይ ዘመን የሚያበቃው ብዙውን ጊዜ በብሥራት (ማርች 25) ወይም በቅዱስ ሚካኤል (ሴፕቴምበር 29) በዓል ስለ ሆነ፥ ሐራጆቹም በጸደይና በመከር ይበዙ ነበር። በ1752 ዓ.ም. እንግሊዞች የዘመን አቈጣጠራቸውን ለውጠው 11 ቀን ሲዘሉ ብዙ መንደሮች ኪራያቸውን በአሮጌው ቀን መቁጠር አልተዉም፤ ሁለት አቈጣጠር አጣምሮ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በሽያጩ ቀን ዕቃው በቤቱ አጠገብ ባለው መስክ በረድፍ ይደረደራል። ሐራጁ የሚጀምረው ከትንንሹ ነው፤ አሮጌ ብረት፥ ገመድ፥ መንሽ፥ ባልዲ በቅድሚያ ይጠራል፤ ቀጥሎ ማረሻ፥ መከስከሻ፥ ጋሪና የፈረስ ዕቃ፤ ከዚያም በጎች፥ ላሞች፥ ፈረሶች። የፈረሶቹ ስምና ዕድሜ በታተመው ዝርዝር ላይ ይጻፋል፤ ባለቤታቸው የነበረው ገበሬ ስማቸው አንድ በአንድ ሲጠራ ቆሞ ይሰማል። ሕዝቡ አጫራቹን እየተከተለ ከረድፍ ወደ ረድፍ ይሄዳል፤ ዋጋ የሚጨምረውም ብዙ ጊዜ በቃል ሳይሆን ራሱን በመነቅነቅ ወይም በዐይኑ በመጥቀስ ነው። በጎተራው ውስጥ ምሳና ቢራ ይቀርባል፤ ይህ ቸርነት ብቻ አልነበረም፥ የጠጣ ሰው እጁ እንደሚፈታ አጫራቾች ያውቃሉ። የሟች ሚስት በምትሸጥበት ቀን ጎረቤት የማይፈልገውን ባልዲ ከተገቢው ዋጋ በላይ ሊገዛ ይችላል፤ ምጽዋት ሳይባል የሚሰጥ ርዳታ ነው። በነዚህ ሐራጆች የታተሙት ዝርዝሮች የአንድን ገበሬ ሀብት እስከ መጨረሻው ማንኪያ ስለሚቈጥሩ ለባሕል ተመራማሪ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅማሉ፤ በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመው የእንግሊዝ የገጠር ኑሮ ሙዚየምም እንዲህ ያሉ የእርሻ መሣሪያዎችንና ጽሑፎችን ሰብስቦ ይዟል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው መሬቱ ራሱ ወደ ሐራጅ ሲወጣ ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከሰሜን አሜሪካ በርካሽ የሚመጣው እህል የአገሩን የስንዴ ዋጋ ጣለው፤ የመሬት ኪራይም አብሮ ወረደ። በ1882 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በትውልድ ተወስኖ የማይሸጠውን ርስት ባላባቱ እንዲሸጥ ፈቀደለት፤ በ1894 ዓ.ም. የተጠናከረው የውርስ ግብር ደግሞ እንዲሸጥ አስገደደው። ግብሩ በ1919 ዓ.ም. ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ ውርስ ላይ 40 በመቶ ደረሰ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ብዙ ወራሾች በጦር ሜዳ ወደቁ። በዊልትሺር የኤምስበሪ ርስት ባለቤት የነበሩት የአንትሮበስ ቤተ ሰብ አልጋ ወራሻቸው በ1914 ዓ.ም. ሞተ፤ ርስቱም በሴፕቴምበር 21 ቀን 1915 ዓ.ም. በሶልስበሪ ከተማ በአንድ ቴያትር ቤት በሐራጅ ወጣ። ከእርሻዎቹ ጋር በ15ኛ ተራ ቍጥር የተጠራው የጥንቱ የድንጋይ ክበብ ስቶንሄንጅ ነበረ፤ ሴስል ቻብ የተባለ ሰው በ6,600 ፓውንድ ገዝቶ በ1918 ዓ.ም. ለመንግሥት ሰጠው። ስቶንሄንጅን ከእርሻ ጋር በተራ ቍጥር ማስቀመጥ የሐራጁን ጠባይ ከማናቸውም ማብራሪያ ይበልጥ ያሳያል።

ከ1918 እስከ 1921 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መሬት አንድ አራተኛው ባለቤት ለወጠ የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ኋላ የተነሡ የታሪክ ሊቃውንት ግን የተጋነነ ነው ይላሉ። የማያከራክረው በ1914 ዓ.ም. በእንግሊዝና በዌልስ ባለቤቱ ራሱ የሚያርሰው መሬት 11 በመቶ ያህል ሲሆን በ1927 ዓ.ም. 36 በመቶ ያህል መድረሱ ነው። ይህ መሬት በአብዛኛው የገባው በቀድሞ ተከራዮች እጅ ነው፤ የመንደሩ ያልተጻፈ ደንብ በግልጽ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። እርሻው ተጠርቶ ተከራዩ ከመቀመጫው ዋጋ ሲሰጥ ጎረቤቶቹ ዝም ይላሉ፤ መዶሻው ሲወርድለት ያጨበጭባሉ። በተከራዩ ላይ ዋጋ የጨመረ ጎረቤት ከዚያ በኋላ በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ፊት ይነሣዋል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ጎጆው የተቈጠረበት የቀን ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ አልነበረውም፤ ስለ ልማዱ ሲጻፍ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሕጉ በ1927 ዓ.ም. ነጋዴዎች ገንዘብ ተቀባብለው ከመጫረት እንዳይታቀቡ ሲከለክል፥ ያለ ገንዘብ የተደረገውን የጎረቤት ዝምታ አልነካውም።

ዝምታው ዋጋውን ቢቀንስም ዕዳውን አላስቀረም። ብዙዎቹ መሬቱን የገዙት ርስቱን አስይዘው በተበደሩት ገንዘብ ነበረ፤ መንግሥት ለእህል ዋጋ የሰጠውን ዋስትና በ1921 ዓ.ም. ሲያነሣ ዋጋው ወደቀ። ከዚህም በላይ አዲሱ ባለ ርስት ያላሰበው ሸክም ወረሰ። ለቤተ ክርስቲያን የሚከፈለው ዓሥራት ከ1836 ዓ.ም. ጀምሮ በገንዘብ ተለውጦ ነበር፤ በ1891 ዓ.ም. ሕግ ደግሞ ከፋዩ ተከራዩ ሳይሆን የመሬቱ ባለቤት ሆነ። መሬት በገዙ ጊዜ ዓሥራቱም አብሮ መጣ፤ መጠኑም በ1925 ዓ.ም. ስለ ተወሰነ ከእህል ዋጋ ጋር አልወረደም። በ1930ዎቹ መክፈል ባልቻሉትና እምቢ ባሉት ላይ የፍርድ አስፈጻሚዎች ከብትና ክምር እየያዙ በየእርሻው በሐራጅ ማውጣት ጀመሩ። ጎረቤቶችም ዝምታውን የጦር መሣሪያ አደረጉት፤ ላሟን በጥቂት ሳንቲም ይገዙና ለባለቤቷ ይመልሳሉ። አስፈጻሚዎቹ ይህን ባዩ ጊዜ የአደባባዩን ሐራጅ ትተው ከሩቅ የሚመጡ ገዢዎች በታሸገ ደብዳቤ ዋጋ እንዲያቀርቡ አደረጉ። በታሸገ ደብዳቤ ፊት የመንደሩ ዝምታ ዋጋ የለውም።

የ1936 ዓ.ም. ሕግ ይህን ክፍያ በመንግሥት በኩል በሚፈጸም ዓመታዊ ክፍያ ለውጦ ጠቡን አበረደው። በሰፎክ አውራጃ በኤልምሰት መንደር ግን በ1934 ዓ.ም. የተተከለ ሐውልት ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ቆሟል። በላዩ የተጻፈው ለ385 ፓውንድ ዓሥራት 1,200 ፓውንድ የሚያወጣ ሀብት ከአንድ እርሻ መወሰዱን ይናገራል፤ ከተወሰደውም መካከል የላሞች መንጋ፥ ስምንት የእህልና የዘር ክምር፥ የሕፃን አልጋም ይገኛል።