ፎርማት ከማድረጋችን በፊት

ጌም ሲጫወት የሚዘጋ ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ወጣት ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ፎርማት አድርግልኝ» ይለኛል። አንዳንዱ ሌላ ቤት ሁለቴ አስደርጎ፣ ችግሩ በሳምንቱ ተመልሶበት ነው የሚመጣው። እኔ ማሽኑን ከመክፈቴ በፊት እጠይቀዋለሁ። የሚዘጋው አንድ ጌም ላይ ነው ወይስ ሁሉም ላይ? የሚወጣው መልእክት ሁልጊዜ አንድ ነው ወይስ ይለዋወጣል?

«ይለዋወጣል» ካለኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሙን ነው። አንድ ቀን ጌሙ ምንም ሳይናገር ይዘጋል። ሌላ ቀን ሰማያዊው ስክሪን «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ብሎ ይመጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጌሙ ሲጫን «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል፤ ያንኑ ፋይል እንደገና ሲሞክሩት ይሠራል። የታመመ ግራፊክስ ካርድ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ መስመርና ነጠብጣብ ያሳያል፤ አቅም ያነሰው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ጭነት ሲበዛበት ማሽኑን ድርግም ያደርገዋል። የራም ብልሽት ግን መልኩ ብዙ ነው፤ በተበላሸችው ቦታ ላይ ዛሬ የጌሙ ድምፅ፣ ነገ የዊንዶውስ የራሱ ትእዛዝ ሊቀመጥባት ይችላልና።

«ታዲያ ፊልም ሳይ ለምን አይዘጋም?» ይሉኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። 16 ጊጋ ራም ማለት ከ137 ቢሊዮን በላይ ጥቃቅን ሕዋሶች ናቸው። ፊልምና ብሮውዘር ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ይዘው ያድራሉ፤ ከባድ ጌም ግን ብዙውን ይሞላዋል፣ ያኔ የተበላሸችውን ሳይነካት አያልፍም። ሙቀትም አለ። የራም ሕዋስ እንደሚያፈስ ማሰሮ ነው፤ የያዘው ኤሌክትሪክ እየሾለከ ስለሚያልቅ በተለመደው አሠራር በየ64 ሚሊሰከንዱ እንደገና ይሞላል። ሲሞቅ ሹልከቱ ይፈጥናል። ደካማዋ ሕዋስ ሳትሞላ የያዘችውን የምትረሳው ያኔ ነው። «ግማሽ ሰዓት በደንብ ይጫወታል፣ ከዚያ ይዘጋል» የሚለኝ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚነግረኝ ይህንኑ ነው። በበጋ አቧራ የተደፈነ ፋን ነገሩን ያባብሰዋል።

ራም ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብቼ ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራም ማፍጠኛ አጠፋለሁ። የዲዲአር4 መደበኛ ፍጥነት ከ3200 አያልፍም፤ ካርቶኑ ላይ 3600 የሚል ራም እዚያ የሚደርሰው ከመደበኛው 1.2 ቮልት ወደ 1.35 ቮልት ገደማ ከፍ ተደርጎለት ነው። ይህን የማይችል ማዘርቦርድ ወይም ፕሮሰሰር አለ። ሲጠፋ መዝጋቱን ከተወ ልጁ ምንም ሳይገዛ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቆይቶ ከተጨመረ ሌላ ዓይነት ራም ጋር አልስማማ ያለ ራምም እንዲሁ ለየብቻው ሲሆን ጤነኛ ነው።

ካልሆነ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭኜ ሌሊቱን አሳድረዋለሁ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው መፈተሻ ስህተት ካገኘ አምነዋለሁ፤ «ችግር የለም» ሲለኝ ግን አልረካም። በሜምቴስት አንዲት ስህተት እንኳ ብትወጣ «ትንሽ ናት» ብዬ አላልፋትም። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ነቅዬ፣ የራሙን እግሮች በአልኮል ጠርጌ፣ አንዱን ራም ብቻውን፣ ቀጥሎም ሌላውን እፈትናለሁ። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው፤ የትኛውም ራም ቢገባ እዚያው ስሎት ላይ ከቀረ ማዘርቦርዱን ወይም ፕሮሰሰሩን አያለሁ።

ይህን ሁሉ የምለፋው የስክሪኑ መልእክት ንጹሑን ሊከስ ስለሚችል ነው። በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የያዙ ብዙ ተጫዋቾች ጌማቸው «የቪዲዮ ሜሞሪ አለቀ» እያለ ይዘጋባቸው ነበር። ሜሞሪው ደህና ነበር። ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልት እየጠየቀ ራሱን ሲጎዳ ነው የተገኘው፤ ኢንቴልም ማስተካከያ አውጥቶ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። በዚያ መልእክት ተመርቶ አዲስ ግራፊክስ ካርድ የገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አወጣ።

ፎርማትን በመጀመሪያ እምቢ የምለው ጊዜ ለመቆጠብ አይደለም። ወደ ዲስክ የሚጻፍ ሁሉ በራም በኩል ያልፋል። ራሙ ከተበላሸ አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን ጀምሮ ሊቆስል ይችላል፤ ባክአፕ ተብሎ የሚገለበጠው የመመረቂያ ጽሑፍና የእናት ፎቶም እንዲሁ። ልጁ ጌሙ ተዘጋ ብሎ ይናደዳል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ማንም ሳያይ የተበላሸው ፋይል ነው። ስለዚህ የተጠረጠረውን ራም ሳላወጣ ምንም አልገለብጥም።

ያገለገለ ራም የምትገዙ ደግሞ ሜምቴስት ያለበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩም ቢያንስ አንድ ዙር ሳያስጨርሳችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።