ስለ ፈጣኑ የሌዘር ብርሃን

አያቴ የዓይን ሞራ ስለ ጋረዳት የምትለየኝ በድምፄ ነው። ስለ ሌዘር እንዳነብ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በ100 ፌምቶ ሰከንድ ግን 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ። ለዚህ ያህል ጊዜ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሌዘር አለ። የጋለ ምጣድ ነካ አድርጎ ጣቱን የመለሰ እንደማይቃጠል ሁሉ፣ ይህም ብርሃን ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይዛመት ይቆርጣል። ስለዚህ በውጭ አገር ሐኪሞች ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ይጠቀሙበታል፤ ዋጋው ግን ገና ውድ ነው።

ግብጻዊው አህመድ ዘዌል በዚሁ ብልጭታ የአቶሞችን እንቅስቃሴ ተከታትሎ በ1999 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ። የዓባይን ውኃ የጠጣ ይህን ከሠራ፣ የአዋሽን ውኃ የምንጠጣ የአዳማ ልጆች ምን ያግደናል? ጓደኞቼ ሆይ፣ ፊዚክስን አንሽሽ!