ቅጠል ላይ የሚቀረው ጥላሸት

ችግኝ የማፈላው አስፋልት ዳር ነው። ጥርና የካቲት ላይ ጠዋት ተነስቼ የምጀምረው ቅጠል በማጠብ ነው። በመንገዱ በኩል ያለውን የዋንዛ ቅጠል በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ስጠርገው፣ ከአቧራው ጋር ቅባት ያለው ጥቁር ነገር ይወጣል። የናፍጣ ጥላሸት ነው። ቅጠሉ ባይዘው ከፊሉን እኛው እንተነፍሰው ነበር።

ሻካራ፣ ጸጉራም ወይም የሚያጣብቅ ቅጠል ብናኙን ይዞ ያቆያል፤ ከዚያ ዝናብ አጥቦ ወደ መሬት ይመልሰዋል። ጋዙ ግን ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ቅጠል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ሲተነፍስ ከመኪና ጭስ የሚመጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም ኦዞንም አብረው ይገቡና እዚያው ይቀራሉ። ውሃ የጠማው ዛፍ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ተክሎ ውሃ መንሳት ጋዝ መሳቡንም ያስቀራል።

ደንበኞቼ «ቶሎ የሚያድግ ስጪን» ብለው ባሕር ዛፍ ይጠይቁኛል። ለመኪና መንገድ አልመክርም፤ በሙቀት የሚያወጣው ትነት ከመኪና ጭስ ጋር ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን ለመፍጠር ያግዛል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ትልቅ ዛፍ ተገንድሶ «በምትኩ ችግኝ ተተክሏል» ሲባል ነው። አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ በተደረገ ጥናት ግንዱ ከ77 ሴንቲ ሜትር በላይ የወፈረ ጤነኛ ዛፍ በዓመት 1.4 ኪሎ ያህል በካይ ነገር ከአየር ያነሳል፤ ከ8 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነው 0.02 ኪሎ ብቻ። 70 እጥፍ ልዩነት ነው! ችግኝ ሸጬ የምኖር ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ያረጀውን ዛፍ አትንኩት እላለሁ።

ዛፍ ብቻውን ግን ጭሱን አይችለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ዛፎች 17.4 ሚሊዮን ቶን በካይ ነገር እንዳነሱ ተሰልቷል፤ አየሩ በአማካይ የተሻሻለው ግን ከ1 በመቶ ባነሰ ነው። ጭሱ ከመኪናው መቀነስ አለበት። ግራና ቀኙ ፎቅ በሆነ ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ ቅርንጫፋቸው የገጠመ ዛፎች ጭሱን ከታች ያምቁታል።

እንዲህ ላለው ቦታ፣ በተለይ ለትምህርት ቤት አጥር፣ የምሰጠው ክትክታ ነው። ቅጠሉ ያጣብቃል፣ በበጋም አይረግፍም፣ ድርቅ ይችላል። ሐምሌ ላይ አጠጋግቶ መትከልና ከሥሩ ጀምሮ እንዲደፍን እየከረከሙ ማሳደግ ነው፤ ጭሱ የሚወጣው ከታች፣ በልጆቹ አፍንጫ ትይዩ ነውና።