የዩብዶ ፕላቲነምና የጦርነቱ ዘመን

በምዕራብ ወለጋ፣ ብርብር ወንዝ አጠገብ የምትገኘው ዩብዶ የኢትዮጵያ ፕላቲነም ዋነኛ መገኛ ናት። የማዕድኑ ምንጭ ከምድር ጥልቀት የወጣ፣ ኦሊቪን የሚባል ማዕድን የበዛበት ዱናይት የተባለ አለት ነው። ኒኬልና ክሮምም የሚፈለጉት በዚሁ የአለት ወገን ውስጥ ነው። ሙቀትና ዝናብ አለቱን ለረጅም ዘመን ሲያበሰብሱት ማግኒዚየሙ በውሃ ይታጠብና ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ይቀራል። ፕላቲነም ግን አይዝግም፣ በውሃም አይሟሟም፤ ስለዚህ በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል።

አወጣጡ የወርቅን ይመስላል። አፈሩ በገበቴ ሲታጠብ ጭቃው በውሃ ይሄዳል፤ ከሥር በሚቀረው ጥቁር አሸዋ መካከል ግራጫ ቅንጣቶች ብልጭ ይላሉ። ንጹሕ ፕላቲነም ከውሃ 21 እጥፍ ስለሚከብድ ውሃው ጠርጎ አይወስደውም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት አብዛኛው የዓለም ፕላቲነም የሚመጣው ከሩሲያ ኡራል ተራሮች ነበር። የ1917 (እ.ኤ.አ.) አብዮት ይህን ምንጭ ሲያናጋው ፍለጋው ወደ ሌሎች አገሮች ዞረ። በ1920ዎቹ ጣሊያናዊው አልቤርቶ ፕራሶ በወለጋ የማዕድን ፈቃድ አግኝቶ ሥራ አስጀመረ። ቀደም ሲል የኡራልን ፕላቲነም ያጠናው የጄኔቫው ሉዊ ዱፓርክም የብርብርን አለቶች መረመረ። በሲሊካ የተተካው ጠንካራ ዱናይት እስከ ዛሬ በወንዙ ስም ብርብራይት ይባላል። አፈሩን ሲቆፍሩና ሲያጥቡ የኖሩት ሠራተኞች ግን በታሪኩ ውስጥ ስማቸው እምብዛም አይነሳም፤ ይህ የሚያስቆጭ ጉድለት ነው።

ይህን ብረት ጦርነት ለምን ይፈልገዋል? ለፈንጂ መሥሪያ የሚሆነው ናይትሪክ አሲድ የሚገኘው አሞኒያና አየር ተቀላቅለው በጋለ የፕላቲነም ወንፊት ውስጥ ሲያልፉ ነው። ወንፊቱ ከፕላቲነምና ከሮዲየም ሽቦ የተሸመነ ስስ መረብ ሲሆን ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይሠራል። እሱ ከሌለ የፈንጂ ፋብሪካው ይቆማል። አሜሪካ በ1942 ፕላቲነም ለጌጣጌጥ እንዳይውል የከለከለችው ለጦር ኢንዱስትሪዋ ስለፈለገችው ነው።

ኢትዮጵያን ለወረረችውና በአገሯ ፕላቲነም ለማታወጣው ጣሊያን ዩብዶ ትልቅ ተስፋ ነበረች። ሆኖም በሰኔ 1940 ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የስዊዝ ቦይ መስመር ተዘጋባት፤ የወለጋ ማዕድን ወደ ሮም የሚሄድበት የባሕር መንገድ አልቀረም። የወንዙም መንገድ የሚያመራው ወደ ጠላት ነበር፤ የብርብር ውሃ ከገባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆንና በሶባትና በነጭ ዓባይ በኩል በእንግሊዞች እጅ ወደነበረችው ካርቱም ይወርዳል። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ክረምት ጣሊያንን ለማስወጣት ለሚደረገው ዘመቻ የተዘጋጁት በዚህችው ከተማ ነበር። በ1941 የጣሊያን አገዛዝ ሲወድቅ ዩብዶም ከእጁ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ዩብዶ ወደ ግዙፍ ማዕድን ያላደገችበት ዋና ምክንያት ያለው በአለቱ ውስጥ ነው። ያልበሰበሰው ዱናይት በቶን የሚይዘው ፕላቲነም ከአንድ ግራም በታች ነው፤ ሀብቱ በአብዛኛው ያለው ዝናብ ባጠራቀመው ቀይ አፈርና በወንዙ ጠጠር ውስጥ ነው።